ዋለ፣ አደረ

አባቴ ግንበኛ ነበር። ዕቃው ጥቂት ነው፤ መዶሻ፣ መሮ፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክና ቱምቢ። ቱምቢዋ አሁን እኔ ጋ ናት። ከናስ የተሠራች፣ ጫፏ የሾለ፣ ለመጠኗ ከበድ የምትል ናት፤ በሲባጎ ተንጠልጥላ ግንቡ ቀጥ ማለቱን ታሳያለች። ይህን የምጽፈው እሷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የታሪክ መጽሐፋችን ላይ የጊዛ ፒራሚድ ፎቶ ነበር። አንድ ማታ ለአባቴ አሳየሁት። «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ድንጋይ እንዴት አድርገው ነው ላይ ያወጡት?» አልኩት። መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ አምፖሉ አስጠጋው። ዝም ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። «ውሃ ከየት ነበር የሚቀዱት? ለዚህ ሁሉ ሰው ምሳውን ማን ነው የሚሠራው?»

ያን ጊዜ መልሱን ስላላወቀ ጥያቄ የቀየረብኝ መስሎኝ ነበር።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። 14 ዓመቱ ነው። ያሳየኝ ቪዲዮ ፒራሚድን የሠሩት ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ናቸው ይላል። «አጎቴ፣ እውነት ግን ሰው ይሄን ይችለዋል?» አለኝ። የምር ግራ ገብቶታል። እንደዚህ የሚያስቡት ልጆች ብቻ አይደሉም። በ2020 ኢሎን መስክ ይህንኑ በትዊተር ጽፎ ነበር። የዚያን ጊዜዋ የግብጽ ዓለም አቀፍ ትብብር ሚኒስትር ራኒያ አል ማሻት ናት የመለሰችለት። ና፣ የሠራተኞቹን መቃብር እይ ብላ ጋበዘችው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለእህቴ ልጅ የነገርኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ትልቁ ፒራሚድ የንጉሥ ኩፉ ነው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ነው። ሲያልቅ 146 ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ነበረው። የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 230 ሜትር ነው። ድንጋዩ 2.3 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ይገመታል፤ አንዱ በአማካይ 2.5 ቶን ይመዝናል። በ20 ዓመት ውስጥ ለመጨረስ፣ በቀን አሥር ሰዓት ያለ ዕረፍት ቀን ቢሠሩ፣ በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ቦታው መግባት አለበት። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ «አየህ!» አለኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ፒራሚድ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ነው። ቁመቱን ለሦስት እኩል ክፈለው አልኩት። አብረን አሰላነው። የታችኛው ሲሶ ብቻውን ከጠቅላላው ድንጋይ 70 በመቶውን ይዟል። ግማሽ ቁመት ላይ ስትደርስ 87 በመቶው አልቋል። እጅግ ከፍ ብሎ የሚወጣው ድንጋይ ጥቂት ነው ማለት ነው። ደግሞ አብዛኛው ድንጋይ ከሩቅ አልመጣም። የድንጋይ ካባው እዚያው ጊዛ፣ ከፒራሚዱ በስተደቡብ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ነው። ድንጋዩን ለማውጣት የፈለፈሉት ቦይ ዛሬም ይታያል። ከሩቅ የመጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ለውጭ ልባስ የሚሆነው ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ከቱራ ነው የመጣው። ሌላው ለንጉሡ ክፍል የሚሆነው ግራናይት ነው፤ እሱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ ከአስዋን መጥቷል። ከግራናይቶቹ አንዳንዶቹ በአሥሮች የሚቆጠር ቶን ይመዝናሉ። እነሱ ላይ እኔም ዝም እላለሁ። የሚያስደንቅ ነገር መደነቅ አለበት።

የሊቃውንቱ ዋና ክርክር ድንጋዩ ወደ ላይ የተጎተተበት መወጣጫ ላይ ነው። ጥንታዊው ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ መቶ ሺህ ሰው በሦስት ወር ፈረቃ 20 ዓመት ሠራ ይላል። ድንጋዩንም ከደረጃ ወደ ደረጃ ያነሱት ከአጫጭር እንጨት በተሠራ መሣሪያ ነው ይላል። ግን እሱ ግብጽን ሲጎበኝ ፒራሚዱ 2000 ዓመት አልፎት ነበር። እኛ ስለ ክርስቶስ ዘመን መንገደኛ ጠይቀን እንደመጻፍ ማለት ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ዲዮዶሮስ ደግሞ አፈር ቆልለው ነው ያወጡት ብሏል። ከዚያ ወዲህ ሰዉ በእነዚህ ሁለት ሐሳቦች ላይ ሲጨምርና ሲቀንስ ኖሯል።

ቀጥ ያለ መወጣጫ ለማሰብ ቀላል ነው። ችግሩ ርዝመቱ ነው። በየ12 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ጫፍ ድረስ ይድረስ ካልን ከ1.7 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። መወጣጫውን ለመሥራት የሚፈጀው አፈርና ድንጋይ ከፒራሚዱ ጋር የሚወዳደር ነው። በኋላ ደግሞ ማፍረስ አለ። ስለዚህ ሌሎች፣ መንገዱ ፒራሚዱን እየዞረ ነው የወጣው አሉ። ይሄ ቦታም አፈርም ይቆጥባል። ግን ማዕዘኖቹን ይሸፍናል።

እዚህ ላይ የአባቴ ልጅ ነኝና ማለፍ አልችልም። አባቴ ግንብ ሲጀምር መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን ይተክላል። ከማዕዘን ማዕዘን ሲባጎ ይወጥራል። በየረድፉ ቱምቢዋን ጥሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ማዕዘኑ ካልታየው አንዲት ድንጋይ አያስቀምጥም። ፒራሚድ ደግሞ አራት ዘንበል ያሉ መስመሮች ከመቶ ሜትር በላይ ወጥተው አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት ያለባቸው ግንብ ነው። ታች ላይ ትንሽ ብትስት ላይ አይገናኙም። ማዕዘኑ በአፈር ተሸፍኖ ይሄን መሥራት ይቻላል የሚል ሰው ሲባጎ ወጥሮ አያውቅም ብዬ ነው የማምነው። የግብጽ ግንበኞችም ቱምቢ ነበራቸው። ሥራቸው ምን ያህል የጠራ እንደሆነ ከመሠረቱ ታየዋለህ፤ የፒራሚዱ ጎኖች ከትክክለኛው ሰሜን የሚያዘነብሉት አንድ አሥረኛ ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

ይህን የማዕዘን ችግር አስቦ መልስ የፈለገው ፈረንሳዊው አርክቴክት ዣን ፒየር ሁዳን ነው። በ2007 ሐሳቡን ይፋ አደረገ። የታችኛው ክፍል በውጭ መወጣጫ ተሠራ፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በፒራሚዱ ሆድ ውስጥ እየዞረ በሚወጣ ዋሻ መሰል መንገድ ነው አለ። በጣም ያምራል። ማዕዘኑ ክፍት ነው፤ አፈር አይባክንም። ስሰማው እውነት ቢሆን ብዬ ተመኝቻለሁ። ግን መንገዱ እስካሁን አልተገኘም። በ2017 ስካን ፒራሚድስ የተባለው ቡድን ከሰማይ በሚወርዱ ሙዮን በሚባሉ ቅንጣቶች እየተጠቀመ ፒራሚዱን መረመረ። በፒራሚዱ ውስጥ ካለው ታላቁ መተላለፊያ በላይ ቢያንስ 30 ሜትር የሚረዝም ባዶ ቦታ አገኘ። በ2023 ደግሞ በሰሜኑ ፊት በኩል 9 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ መኖሩ ተረጋገጠ። ሁለቱም የሁዳን መንገድ አይደሉም።

የሚጨበጥ ነገር የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። ግብጽ ውስጥ ሃትኑብ የሚባል የአልባስጥሮስ ካባ አለ። በ2018 የፈረንሳይና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እዚያ ከኩፉ ዘመን የሆነ መወጣጫ ማግኘታቸውን ተናገሩ። መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ ያዘነበለ። በግራና በቀኝ ደረጃ አለው። ከደረጃው ጎን የእንጨት ምሰሶ የተተከለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ገመድ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል፤ ከላይም ከታችም ይጎተታል። እንዲህ ያለ ዳገት የሚቻል ከሆነ መወጣጫው ከግማሽ በታች ያጥራል።

የእኔ ግምት ይሄ ነው። ታችኛው ክፍል ከካባው በተዘረጋ አጭር መወጣጫ ነው የተሠራው። መሃሉ ጎኑን ተደግፈው በወጡ መንገዶች፣ ጫፉ ደግሞ ድንጋዩን በእንጨት እየፈለቀቁ ከሥር እየደገፉ፣ ሄሮዶቱስ እንዳለው ከደረጃ ወደ ደረጃ። ግንበኛ በአንድ ዘዴ ሥራ ጀምሮ በዚያው አይጨርስም። ሜዳ ላይ በባሬላ፣ ስካፎልዲንግ ላይ በእጅ ቅብብል፣ ለከባዱ በዲጂኖ ነው። ቲዎሪ የሚጽፉ ሰዎች ግን ሁሉንም የሚፈታ አንድ ቁልፍ ይፈልጋሉ።

አንድ ቁልፍ ካቀረቡት አንዱ ፈረንሳዊው ኬሚስት ጆሴፍ ዳቪዶቪትስ ነው። ድንጋዩ አልተጠረበም፤ የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በፎርም እዚያው ተሞልቶ ነው አለ። በእኛ ቋንቋ ፒራሚዱ ብሎኬት ነው ማለት ነው። ሐሳቡን የደገፉ የቁስ ሳይንስ ተመራማሪዎችም አሉ። እኔን ግን ካባው ይከለክለኛል። ከአጠገቡ ያ ሁሉ ድንጋይ ተቆርጦ የወጣበት ጉድጓድ ተከፍቶ እየታየ ሌላ ምንጭ መፈለግ ለምን? ድንጋዮቹም አንድ ልክ አይደሉም፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነው። ክፍተታቸውን የሞሉት በጀሶ ነው። ጀሶውን ለማቃጠል ካነደዱት እንጨት የቀረ ከሰል አሁንም ውስጡ አለ። ከዚያ ከሰል ነው ተመራማሪዎች በካርቦን የፒራሚዱን ዕድሜ የለኩት።

ስለ መጎተቱ ደግሞ ግብጾቹ ራሳቸው ሥዕል ትተዋል። ዴር ኤል በርሻ በሚባል ቦታ የጄሁቲሆቴፕ መቃብር ግድግዳ ላይ ነው። ከኩፉ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ የተሳለ ነው። ትልቅ ሐውልት ጎማ በሌለው የእንጨት መጎተቻ ላይ ታስሯል። 172 ሰዎች በአራት ረድፍ ገመድ ይዘው ይጎትታሉ። መጎተቻው አፍንጫ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ከእንስራ አሸዋው ላይ ውሃ ያፈሳል። ለረጅም ጊዜ ይሄ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው ሲባል ነበር። በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ባለሙያዎች አሸዋና መጎተቻ አዘጋጅተው ሞከሩት። አሸዋው በልኩ ሲረጥብ የመጎተቻው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። ደረቅ አሸዋ ከፊት እየተቆለለ ያስቸግራል፤ እርጥብ አሸዋ ግን ይጠነክራል። ያ ውሃ የሚያፈስ ሰውዬ ሥራ ላይ ነው። ሠዓሊው አይቶታል። እኛ ነን ያላየነው።

የእህቴን ልጅ ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳመነው ግን የግንበኞቹ ስህተት ነው።

የኩፉ አባት ስነፍሩ ይባላል። ዳህሹር በሚባል ቦታ ያሠራው አንድ ፒራሚድ አለ፤ መሃል ላይ ታጥፏል። ከታች 54 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ተጀመረ። ግማሽ ገደማ ሲደርስ ወደ 43 ዲግሪ ዝቅ አደረጉት። መሠረቱ የሚይዝ ስላልነበረ ግንቡ መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር። ውስጡ ገብተህ ብታይ ግድግዳውን ለመደገፍ ያስገቡት የዝግባ እንጨት ዛሬም አለ። ከዚያ ስነፍሩ እዚያው አካባቢ ሌላ አሠራ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በ43 ዲግሪ። እሱ ቆመ። ቀጥሎ ልጁ ኩፉ መጣ። የመጀመሪያው የድንጋይ ፒራሚድ፣ ኢምሆቴፕ ለጆዘር የሠራው ባለ ደረጃው፣ ከኩፉ የሚቀድመው በመቶ ዓመት ገደማ ነው። ሦስትና አራት ትውልድ ነው። አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ የሚያስተላልፉት ሙያ ነው።

አንድ ጊዜ አባቴ ቀኑን ሙሉ የሠራውን አጥር ወደ ማታ ቱምቢ ጣለበት። ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ሥሩ ያለው አፈር ሰጥቶ ነው። ባለቤቱ አላየም። እኔ ደግሞ ወደ ቤት መሄድ ፈልጌያለሁ። አባቴ ጃኬቱን አወለቀ። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እያነሳ መሬት ላይ ደረደረው። በማግስቱ መሠረቱን አስፍቶ እንደገና ጀመረ። የታጠፈውን ፒራሚድ ፎቶ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ማታ ነው።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። ምሳውን ማን ሠራው?

አርኪኦሎጂስቱ ማርክ ሌነር ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጊዛ በስተደቡብ ቆፈረ። ያገኘው ከተማ ነው። መኝታ ቤቶች፣ መጋዘኖች፣ ዳቦ መጋገሪያዎች፣ ዳቦው የሚጋገርባቸው ወፋፍራም የሸክላ ማሰሮዎች። የከብት፣ የበግና የፍየል አጥንት በብዛት። ሠራተኞቹ ሥጋ ይበሉ ነበር። በ1990 ደግሞ የአንድ ፈረስ እግር አሸዋ ውስጥ የተቀበረ የጭቃ ግንብ ገጨ። ሲቆፈር የሠራተኞቹ መቃብር ሆኖ ተገኘ። ዛሂ ሃዋስ ቁፋሮውን መራ። አጥንቶቹ ወገብና ጉልበት ላይ ተበልተዋል። ተሰብሮ፣ በደንብ ታስሮ የዳነ ክንድ አለ። ወጌሻ ነበራቸው ማለት ነው። አባቴም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከወንበር ሲነሳ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

ባሪያዎች ነበሩ ወይስ አልነበሩም? በእኛ አገር ብዙ ሰው ፒራሚድን የሠሩት እስራኤላውያን ናቸው ብሎ ያምናል። እኔም ሰንበት ትምህርት ቤት እንደዚያ ገብቶኝ ነው ያደግኩት። ኦሪት ዘጸአት ግን የሚለው ፊቶምንና ራምሴን፣ የዕቃ ቤት ከተሞችን ሠሩ ነው። ጭቃ፣ ጡብና ጭድ ነው የሚጠቅሰው። የጊዛ ፒራሚድ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ራምሴስ በሚባሉት ነገሥታት ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር። ሠራተኞቹ ግብጻውያን ናቸው። በነፃነት መጡ ማለቴ ግን አይደለም። ንጉሥ ሲያዝ እምቢ አይባልም። ሁዳድ ማለት ምን እንደሆነ ከአያቶቹ የሰማ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ከግዴታው ጋር ግን ኩራትም ነበር። ከንጉሡ ክፍል በላይ፣ ማንም እንዳያየው በተዘጋ ቦታ፣ ቡድኖቹ በቀይ ቀለም ስማቸውን ጽፈዋል። አንዱ ቡድን ራሱን የኩፉ ወዳጆች ብሎ ጠርቷል።

ውሃውስ? እዚህ ላይ ነገሩ እኛ ቤት ይገባል። ዛሬ ዓባይ ከጊዛ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። በ2022 የወጣ ጥናት ግን ከመሬት ሥር በተቆፈረ ደለል ውስጥ ያለውን የአበባ ብናኝ መርምሮ፣ በኩፉ ዘመን የወንዙ አንድ ክንድ ፒራሚዱ አጠገብ ድረስ ይደርስ እንደነበር አሳየ። በጎርፉ ወራት ውሃው ከፍ ሲል ጀልባ ድንጋይ ጭኖ እዚያ ድረስ ይመጣል። ያ ጎርፍ በአመዛኙ የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። በዓባይና በተከዜ ወርዶ ነው ግብጽ የሚደርሰው። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ የዘነበው፣ እዚያ ነጩን ድንጋይ ተሸክሟል። ይህን መጀመሪያ ስረዳ ተነስቼ ቤቱ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

የማይገመተው ማስረጃ የመጣውም ከዚያው ውሃ ላይ ነው። በ2013 ፈረንሳዊው ፒየር ታሌ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ጥንታዊ ወደብ፣ ፓፒረስ አገኘ። ጽሑፍ ካላቸው ፓፒረሶች ሁሉ የሚቀድም ነው። የጻፈው መረር የሚባል ሰው ነው። ንጉሥ ወይም ካህን አይደለም። 40 ያህል ሰዎችን የሚመራ የሥራ ኃላፊ ነው። በአዲስ አበባ ሳይት ላይ ቢሆን ካቦ ነው የምንለው። የኩፉ ዘመን መጨረሻ ላይ ከቱራ ነጭ ድንጋይ በጀልባ ወደ ጊዛ ያመላልስ ነበር። በአሥር ቀን ሁለት ሦስት ዙር። ከፓፒረሶቹ መካከል የቀለብ ሒሳብም አለ፤ ሊመጣ የሚገባው፣ የመጣው፣ የቀረው።

መረር ድንጋዩ እንዴት እንደተነሳ አይነግረንም። የሚጽፈው ሌላ ነው። በ25ኛው ቀን ከሰዎቹ ጋር በደቡብ ቱራ ድንጋይ ሲያጓጉዝ ዋለ፤ እዚያው አደረ። በ26ኛው ቀን ድንጋይ ጭኖ ከቱራ ወደ ኩፉ አድማስ ተነሣ፤ ኩፉ ሐይቅ አደረ። የኩፉ አድማስ የፒራሚዱ ስም ነው። ወር ከወር እንዲህ ይቀጥላል። ዋለ። አደረ። ዋለ። አደረ።

እነዚህን መስመሮች በሌላ ቋንቋ ነበር መጀመሪያ ያነበብኳቸው። ቀኑን አሳለፈ፣ ሌሊቱን አሳለፈ ይላሉ፤ ቃሉ ይረዝማል። ወደ አማርኛ ሳመጣቸው አንዳንድ ቃል ሆኑ። የት እንዳየኋቸውም ትዝ አለኝ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አንዲት ደብተር አግኝተን ነበር። ሲሚንቶ የነካት፣ ጠርዟ የተበላ። የቀን ሠራተኞቹን ሒሳብ የሚይዝባት ናት። የእህቴን ልጅ ጠርቼ አብረን ከፈትናት። በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ሰኞ፣ ድንጋይ ሲጭኑ ዋሉ። ማክሰኞ፣ ዋሉ። ረቡዕ፣ ዝናብ፣ አልተዋለም። ሐሙስ፣ ዋሉ፤ ዳቦ 12።